ክልክሉ ቀጠና አስቀድሞ ይሰመር
በደጋ አገር የሰርኪዩት ቦርድ ስለ መንደፍ የቀረበ አስተያየት

የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ የሰርኪዩት ቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር ከፍቶ ሲቀመጥ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ማገናኘት ነው። ይህን እግር ከዚያኛው፣ ያንን መስመር ከዚህኛው እያለ ቀጫጭን የመዳብ መስመሮችን ይዘረጋል። የመጨረሻው መስመር ቦታውን ሲይዝም ሥራው የተጠናቀቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ሰሌዳ የሚነደፈው መገናኘት ያለባቸውን ለማገናኘት ብቻ አይደለም፤ ፈጽሞ መገናኘት የሌለባቸውን ለመለየትም ጭምር ነው። የመጀመሪያው ሥራ ካልተሳካ መሣሪያው አይሠራም፤ ተማሪውም ወዲያውኑ ያውቀዋል። ሁለተኛው ካልተሳካ ግን መሣሪያው ለወራት፣ ምናልባትም ለዓመታት በሚገባ ይሠራል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው አንድ ቀን ሰው ሲነካው ወይም ጭስ ሲወጣ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። መዳብም ሆነ ሌላ ነገር ሊደርስበት የማይገባው የሰሌዳ ክፍል፣ ማለትም ክልክል ቀጠናው፣ ከማንኛውም መስመር በፊት መሰመር አለበት፤ ልኩም ሶፍትዌሩ ዝግጁ አድርጎ ካቀረበው ቁጥር ሳይሆን ሰሌዳው ከሚውልበት አገር መወሰድ አለበት። ይህ ጉዳይ ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢዋ ተማሪ ከሌላው ይበልጥ ይመለከተዋል። ምክንያቱም ዓለም የሚጠቀምባቸው የርቀት ሠንጠረዦች የተሰናዱት ከእኛ ዝቅ ብሎ ለሚኖር ሕዝብ ነው።

ክልክል ቀጠና ሲባል

ፕሪንትድ ሰርኪዩት ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ከፋይበርግላስና ከኢፖክሲ ሙጫ የሚሠራ፣ በአንድ ወይም በሁለት ገጹ፣ አንዳንድ ጊዜም በውስጡ ጭምር የመዳብ ንብርብር ያለው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ንድፉ በሶፍትዌር ይዘጋጅና ወደ ፋብሪካ ይላካል፤ ፋብሪካውም በንድፉ ላይ ያልተፈለገውን መዳብ አስወግዶ የተፈለገውን ያስቀራል። ፋብሪካው አይጠይቅም፣ አይጠራጠርም። በንድፉ ላይ ያለውን ሁሉ ይሠራል።

ክልክል ቀጠና ንድፍ አውጪው በሰሌዳው ላይ የሚያሰምረው፣ በውስጡ የተወሰኑ ነገሮች እንዳይገቡ የሚያዝ ክልል ነው። «የተወሰኑ ነገሮች» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። የጎጃም ገበሬ ይህን አሠራር ከኮምፒውተር በፊት ያውቀዋል። እስኪታጨድ የሚጠበቅ ጥብቅ ሣር ለከብት ክልክል ነው፤ እግረኛ ግን በዳር በዳሩ ያልፋል። የተራቆተ ተራራ እንዲያገግም ሲከለል ከብት አይሰማራበትም፤ ሣሩ ግን ታጭዶ በሸክም ይወጣል። እንግዲህ መከለል ማለት ቦታውን ማጠር ብቻ ሳይሆን «ማን አይግባ? ማን ይግባ?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ነው።

ሶፍትዌሩም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በነጻ የሚገኘውንና ለተማሪ አቅም የሚስማማውን ኪካድን እንውሰድ። ይህን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው ፈረንሳዊው ዣን ፒየር ሻራ ሲሆን፣ በኋላ በጄኔቭ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሰርን ለእድገቱ ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርጓል። በኪካድ አንድ ክልል ሲሰመር የሚመጣው ሰንጠረዥ አምስት ነገሮችን አንድ በአንድ ያስመርጣል፤ የመዳብ መስመሮች ይከልከሉ? ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ቀዳዳዎች፣ ማለትም ቪያዎች ይከልከሉ? የእግር መበየጃ ፓዶች ይከልከሉ? ባዶ ቦታን የሚሞላው ሰፊ የመዳብ ንጣፍ ይከልከል? ዕቃዎቹ ራሳቸው ይከልከሉ? ከዚህም ጋር ክልከላው የትኛውን ንብርብር እንደሚመለከት መወሰን ያስፈልጋል። በሌሎች ሶፍትዌሮች ስሙና አቀማመጡ ይለያይ እንጂ ጥያቄው ያው ነው።

አንዱን ምርጫ መዘንጋት ምን እንደሚያስከትል በቀላል ምሳሌ እንመልከት። በተማሪዎች ዘንድ የታወቀው ኢኤስፒ32 የተባለው የዋይፋይ ሞጁል በአንድ ጫፉ አንቴና አለው። አምራቹ ኢስፕሬሲፍ በአንቴናው ዙሪያ ቢያንስ 15 ሚሊሜትር ያህል ነጻ ቦታ እንዲተው ይመክራል፤ በአቅራቢያው ያለ መዳብ የአንቴናውን ጠባይ ለውጦ ሞገዱን ያዳክመዋልና። ተማሪው በዚያ ቦታ መስመር እንዳይገባ ከልክሎ የመዳብ ንጣፉን ሳይከለክል ቢቀር፣ በመጨረሻ ንጣፉ እንዲሞላ ሲያዝ መዳቡ እንደ ጎርፍ ገብቶ አንቴናውን ይከብበዋል። ቀጠናው በስም አለ፤ በተግባር ግን የለም። በዚህ ምሳሌ የሚጎዳው የዋይፋዩ ርቀት ብቻ ነው። የሰው ሕይወት የሚጎዳበት ሌላ ምሳሌ ግን አለ።

«ስህተት የለም» ሲል

በአገራችን ከግድግዳ ሶኬት የምናገኘው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። አንድ ተማሪ የመስኖ ፓምፕን ወይም የጫጩት ማሞቂያን የሚቆጣጠር መሣሪያ ሲሠራ፣ በአንዲት ሰሌዳ ላይ 220 ቮልትና 5 ቮልት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የ5 ቮልቱ ወገን ሰው የሚነካቸው ቁልፎችና ሽቦዎች ያሉበት ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ባዶ ሰቅ ከሰሌዳው ክልክል ቀጠናዎች ሁሉ የከበደው ነው።

አዲስ ንድፍ በኪካድ ሲከፈት በመዳብ መስመሮች መካከል ሊኖር የሚገባው ዝቅተኛ ርቀት አስቀድሞ ተሞልቶ ይገኛል፤ 0.2 ሚሊሜትር ነው። ይህ ለ5 ቮልት ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ሶፍትዌሩ የትኛው መስመር 5 ቮልት፣ የትኛው 220 ቮልት እንደሚሸከም በራሱ የማያውቅ መሆኑ ነው። ንድፍ አውጪው ካልነገረው በስተቀር ለሁሉም የሚሰጠው ያንኑ 0.2 ሚሊሜትር ነው። ተማሪው የንድፍ ደንብ ፍተሻውን ሲያዝም ኮምፒውተሩ መስመሮቹን ሁሉ ለክቶ «0 ስህተት» ብሎ ይመልሳል።

ይህ መልስ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የተጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ የመለሰው «ከሰጠኸኝ ደንብ የወጣ ነገር አላገኘሁም» በማለት ነው። ተማሪው የሚሰማው ግን «ሰሌዳህ ከአደጋ የራቀ ነው» የሚል ሆኖ ነው። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ሲለካ ከ0.2 እስከ 3.0 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ማለትም 15 እጥፍ ነው። 3.0 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ደግሞ ቀጥሎ እንመለከታለን።

ቁጥሮቹ ከየት ይመጣሉ?

በዓለም ላይ የዚህ ዘርፍ መሠረታዊ መመሪያ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ያወጣው አይኢሲ 60664-1 የተባለው ደረጃ ነው። ደረጃው ሁለት ዓይነት ርቀቶችን ለይቶ ያስቀምጣል። አንደኛው በአየር ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚለካው ሲሆን ክሊራንስ ይባላል። ሁለተኛው ጉንዳን በሰሌዳው ገጽ ላይ ብትሄድ የምትጓዘው ርቀት ሲሆን ክሪፔጅ ይባላል። ሁለቱ የሚጠብቁት የተለያየ አደጋ ነው። ክሊራንስ የሚጠብቀው በአየር ውስጥ በቅጽበት ዘሎ ከሚያልፍ ብልጭታ ነው፤ ክሪፔጅ ደግሞ አቧራና እርጥበት ባረፈበት ገጽ ላይ ቀስ በቀስ መንገድ ከሚያበጅ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ነው።

በ220 ቮልት መስመር ላይ ሁልጊዜ 220 ቮልት ብቻ አይገኝም። መብረቅ በሩቅ ሲወድቅ፣ ትልቅ ሞተር ሲነሳ ወይም ሲጠፋ፣ የተቋረጠ ኃይል ተመልሶ ሲመጣ መስመሩ ላይ በጣም አጭር፣ ነገር ግን በጣም ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊከሰት ይችላል። በክረምት ነጎድጓድ የማይለየው የጎጃም ደጋ ነዋሪ ይህን ለማመን ማስረጃ አያስፈልገውም። ደረጃው በሶኬት ላይ ለሚሰካ መሣሪያ ይህንን ቅጽበታዊ ቮልቴጅ 2,500 ቮልት አድርጎ ይወስዳል። ይህን ለመቋቋም በመሠረታዊ ኢንሱሌሽን 1.5 ሚሊሜትር፣ የሰው እጅ ሊደርስበት የሚችለውን ወገን ለሚለየው የተጠናከረ ኢንሱሌሽን ደግሞ 3.0 ሚሊሜትር የአየር ርቀት ያስፈልጋል።

ነገር ግን በሠንጠረዡ ላይ አንድ ሁኔታ ተቀምጧል። ቁጥሮቹ የሚሠሩት ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ ነው።

ደብረ ማርቆስ የምትገኘው በ2,446 ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

የደጋ አየርና የኤሌክትሪክ ብልጭታ

ከፍታ ከኤሌክትሪክ ጋር ምን አገናኘው? መልሱ አየሩ ስስ መሆኑ ነው። በደብረ ማርቆስ ያለው የአየር ግፊት 75 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን በባሕር ጠለል ካለው 101 ኪሎፓስካል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ውኃ በከተማዋ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላውና ሽምብራና ባቄላ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚወስደው በዚሁ ምክንያት ነው።

በሁለት የመዳብ መስመሮች መካከል ባለው አየር ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ነጻ ኤሌክትሮኖች ይገኛሉ። ቮልቴጅ ሲኖር እነዚህ ኤሌክትሮኖች እየተገፉ ይፈጥናሉ፤ ነገር ግን ጥቂት እንደሄዱ ከአየር ሞለኪውል ጋር ይጋጩና ያገኙትን ጉልበት ያጣሉ። አየሩ የሳሳ ከሆነ ሞለኪውሎቹ ተራርቀዋል፤ ስለዚህ ኤሌክትሮኑ ከአንዱ ግጭት እስከ ቀጣዩ የሚሮጥበት ሜዳ ይረዝማል፣ የሚያጠራቅመው ጉልበትም ይጨምራል። ጉልበቱ በቂ ሲሆን የገጨውን ሞለኪውል ሌላ ኤሌክትሮን ያስለቅቀዋል። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ ይበዙና አየሩ ኢንሱሌተር መሆኑ ቀርቶ የኤሌክትሪክ መንገድ ይሆናል። ብልጭታ የምንለው ይህንን ነው።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪድሪክ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 ብልጭታ የሚነሳበት ቮልቴጅ የሚወሰነው በአየሩ ግፊትና በሁለቱ ብረቶች ርቀት ብዜት መሆኑን አሳይቷል። ግፊቱ ሲቀንስ ያንኑ ቮልቴጅ ለመቋቋም ርቀቱ መጨመር አለበት። በእርግጥ ግፊቱ እጅግ ዝቅ ሲል፣ ወደ ባዶነት ሲጠጋ፣ የሚጋጩት ሞለኪውሎች ስለሚያልቁ ነገሩ ይገለበጣል። ሆኖም የጮቄ ተራራ ጫፍ እንኳ ከዚያ ሁኔታ እጅግ የራቀ ነው። በእኛ ተራሮች ላይ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ብልጭታው ይቀላል።

አይኢሲ 60664-1 ለዚህ የማባዣ ቁጥሮች አዘጋጅቷል። በ2,000 ሜትር ማባዣው 1.00 ነው፤ በ3,000 ሜትር 1.14፣ በ4,000 ሜትር 1.29፣ በ5,000 ሜትር ደግሞ 1.48 ይሆናል። በ1,800 ሜትር ገደማ የምትገኘው ባሕር ዳር ከመስመሩ በታች ናት፤ በዚያ የተነደፈ ሰሌዳ ማባዣ አያስፈልገውም። ያው ሰሌዳ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ ግን መስመሩን አልፏል። ወደ ጮቄ ተዳፋት፣ ገብስና ድንች ወደሚመረትበት ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው አገር ቢወጣ ደግሞ ይበልጥ ያልፋል። ሦስቱም ሥፍራዎች በአንድ ክልል ውስጥ፣ በጥቂት ሰዓታት የመኪና መንገድ የሚደረስባቸው ናቸው።

ሌሎች የሙያ ዘርፎች ይህን እርማት ከልማድ ያደርጉታል። በ2,334 ሜትር ላይ ካለው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳ አብራሪ የመንደርደሪያ ርቀቱን ለከፍታው ሳያስተካክል አይነሳም። የከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያ ደረጃዎችም ከ1,000 ሜትር በላይ እርማት ይጠይቃሉ። ቻይናም የቲቤትንና የቺንግሃይን ደጋ አስባ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ደረጃ፣ ለ2,000 ሜትርና ከዚያ በታች ብቻ የተሠራ መሣሪያ ይህንን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አዛ ነበር። ውድ አንባቢያን፣ ቤታችሁ ያለውን የላፕቶፕ ወይም የስልክ ቻርጀር ገልብጣችሁ ጽሑፉን ተመልከቱ፤ በአንዳንዶቹ ላይ የተራራ ቅርጽ ያለው ምልክት ከ«2000» ቁጥር ጋር ታገኛላችሁ። ትርጉሙ «ከዚህ በላይ ለሚኖር ሰው አልተሠራሁም» ማለት ነው።

በሰሌዳው ላይ ሲሰላ

አሁን ቁጥሮቹን ወደ ሰሌዳው እንመልሳቸው። ለደብረ ማርቆስ ማባዣው በ2,000ና በ3,000 ሜትር መካከል ሲሰላ 1.06 ገደማ ይመጣል። ነገር ግን መሣሪያ አገር ይቀይራል፤ ስለዚህ የ3,000 ሜትሩን መውሰድ ይሻላል። 3.0 በ1.14 ሲባዛ 3.42 ሚሊሜትር ይሆናል።

ለገጽ ርቀቱ የሚወስነው ከፍታው ሳይሆን ንጽሕናው ነው። ለ250 ቮልት፣ በተለመደው የፋይበርግላስ ሰሌዳ፣ በቤትና በቢሮ ውስጥ ለሚውል መሣሪያ በተጠናከረ ኢንሱሌሽን 5.0 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። አቧራና እርጥበት ለሚበዛበት ቦታ፣ ለምሳሌ ለወፍጮ ቤት ወይም ለመስኖ ፓምፕ ሳጥን፣ 8.0 ሚሊሜትር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ «5.0 ከ3.42 ስለሚበልጥ ከፍታው ምን ለውጥ አመጣ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጠፍጣፋው ገጽ ላይ በእርግጥ ክሪፔጁ ይገዛል። ሆኖም ኤሌክትሪክ የሚዘለው በሰሌዳው ገጽ ብቻ አይደለም። የገጹን መንገድ ለማስረዘም ሰሌዳው ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ላይ የሚቀረው የአየር ርቀት ነው። በትራንስፎርመር እግርና በጎኑ በቆመው የሙቀት ማስወገጃ ብረት መካከል፣ በሰሌዳው ማሰሪያ ብሎን ራስና በ220 ቮልቱ ፓድ መካከል ያለውም የአየር ርቀት ነው። ሶፍትዌሩ የሚያሳየን ሰሌዳውን ከላይ ሲታይ ነውና እነዚህን በቀላሉ እንዘነጋቸዋለን።

ቀጠናው መጀመሪያ መሰመር ያለበት ለምን እንደሆነ የሚያሳይ ሌላ ስሌት ልጨምር። የ220 ቮልቱንና የ5 ቮልቱን ወገን ሳይነካኩ በብርሃን የሚያነጋግረው ኦፕቶካፕለር በተለመደው ቅርጹ በሁለት ረድፍ እግሮቹ መካከል 7.62 ሚሊሜትር አለው። የእያንዳንዱ ፓድ ስፋት 1.6 ሚሊሜትር ቢሆን በፓዶቹ መካከል የሚቀረው 6.02 ብቻ ነው። ለቤት ውስጥ መሣሪያ ይበቃል፤ ለወፍጮ ቤቱ 8.0 ሚሊሜትር ግን አይበቃም። እግሮቹ ሰፋ ተደርገው የተሠሩበትንና 10.16 ሚሊሜትር የሚሆነውን ዓይነት ብንመርጥ 8.56 እናገኛለን፤ ችግሩም ይፈታል። በገበያ ላይ የሚዘወተረው ሰማያዊ አነስተኛ ሪሌይ ደግሞ ይብሳል፤ 220 ቮልት የሚሸከመው የጋራ እግሩ የሚገኘው ከ5 ቮልቱ የጥቅል እግሮች መካከል ነው። ቀጠናውን አስቀድሞ ያሰመረ ተማሪ ይህን ሁሉ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ያያል። መስመሮቹን ዘርግቶ የጨረሰ ተማሪ ግን ዕቃውንም፣ መስመሩንም፣ የሰሌዳውንም ስፋት እንደገና መቀየር ይኖርበታል፤ ብዙውን ጊዜም የሚቀይረው ቀጠናውን ነው። ያጠበዋል።

ተቃውሞዎችና መልሶቻቸው

አንደኛው ተቃውሞ «የ6 በመቶ ልዩነት ይህን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም፤ አዲስ አበባና ደብረ ማርቆስ ከውጭ በመጡ ቻርጀሮች ለዓመታት ኖረዋል፤ ምን ሆኑ?» የሚል ነው። በደንብ በተሠራ መሣሪያ ላይ 6 በመቶ በእርግጥ ትንሽ ነው። ነገር ግን ትርፍ ርቀት የተቀመጠው ለሌላ ነገር ነው፤ ለተጣመመ እግር፣ ለተትረፈረፈ ብየዳ፣ ለአቧራ። ከፍታው ያንን ትርፍ ሳንጠይቀው አስቀድሞ ይበላዋል። ትርፍ የሌለው ርካሽ ሰሌዳ ደግሞ የሚበላለት እንኳ የለውም። ከዚህም ሌላ፣ 2,500 ቮልት በየቀኑ አይመጣም። በየቀኑ ያልደረሰ አደጋ የለም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው «እኛ ዝግጁ ሞጁል እንገዛለን እንጂ የ220 ቮልት ሰሌዳ አንነድፍም» የሚለው ነው። የሪሌይ ሞጁል ገዝቶ አምፖል ያበራ ተማሪ የ220 ቮልት መሣሪያ ሠርቷል። ሞጁሉን የሠራው ሰው ያሰመረውን ቀጠና መፈተሽም የእርሱ ኃላፊነት ነው። በሪሌዩ የጋራ እግር ዙሪያ ሰሌዳው ተሰንጥቋል ወይስ አልተሰነጠቀም? ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል።

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የውጭ ፋብሪካዎች የሚያስከፍሉት በሰሌዳው ስፋት ስለሆነ ባዶ ሰቅ መተው ገንዘብ መተው ነው ይባላል። እውነትነት አለው፤ ለተማሪ ደግሞ ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ሆኖም ቀጠናው ውድ የሚሆነው መጨረሻ ላይ ሲታሰብ ነው። መጀመሪያ ከተሰመረ ዕቃዎቹ በግራና በቀኙ ይደረደራሉ፤ ተጨማሪው ስፋትም ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።

ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት መፍትሔው አዲስ ላቦራቶሪ ወይም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሚያስተምረው በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከ1955 ዓ.ም. የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት በተወለደው በባሕር ዳር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ እንዲሁም በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሦስት ልማዶች ቢጀመሩ በቂ ነው።

የመጀመሪያው፣ በሰርኪዩት ቦርድ ትምህርት ውስጥ የመጀመሪያው የተግባር ሥራ መስመር መዘርጋት ሳይሆን ቀጠና ማስመር ይሁን። ተማሪው ባዶ ሰሌዳ ተሰጥቶት የ220 ቮልቱን ወገን፣ የ5 ቮልቱን ወገን፣ የብሎኖቹንና የአንቴናውን ዙሪያ ይከልል፤ ለእያንዳንዱም ምን እንደከለከለና በየትኞቹ ንብርብሮች ላይ እንደከለከለ በጽሑፍ ያስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 9ኛው የኪካድ እትም የገጽ ርቀትን የሚፈትሽ ደንብ አክሏል፤ የአየር ርቀቱንም በቮልቴጅ ቡድን ለይቶ ማዘዝ ይቻላል። መሣሪያው አለ ማለት ነው። ቁጥሩን የሚያስገባው ግን ሰው ነው።

ሁለተኛው፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲቀርብ ፈታኞች ከሁሉ አስቀድመው «ክልክል ቀጠናው የት ነው? ስፋቱስ ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁ። «ሶፍትዌሩ ስህተት የለም ብሏል» የሚለው መልስ እንደ መልስ አይቆጠር።

ሦስተኛው፣ በየሰሌዳው ላይ ዕቃዎቹን ለመሰየም በሚታተመው ነጭ ጽሑፍ ውስጥ መሣሪያው የተነደፈበት ከፍታ ይጻፍ፤ «እስከ 3,000 ሜትር» ወይም «እስከ 4,000 ሜትር» ተብሎ። ይህ ጽሑፍ ምንም ወጪ የለውም፤ ጥገና ባለሙያው ግን ያነበዋል፤ ንድፍ አውጪውም ቁጥሩን ለመጻፍ ሲል ለማስላት ይገደዳል።

ሠንጠረዦቹ የተዘጋጁት አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ከ2,000 ሜትር በታች እንደሚኖር ታሳቢ ተደርጎ ነው፤ በዚህ ማንንም መውቀስ አይገባም። ለእነርሱ ጣሪያ የሆነው ቁጥር ግን ለብዙዎቻችን ወለል ነው። ስለሆነም እርማቱን ሌላ ሰው ያደርግልናል ብሎ መጠበቅ ትክክል አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው የሚሆነውን ርቀት አስልቶ በሰሌዳው ላይ ማስመር፣ ዛሬ በየላቦራቶሪው ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው ተማሪ ሥራ ነው። ከሚቀጥለው ንድፉም ሊጀምረው ይችላል፤ የመጀመሪያውን መስመር ከመዘርጋቱ በፊት።